የካናዳ ዕቃ በኢየሩ ቤት

ኢየሩ ልብስ ሰፊ ናት። ቤቷና ቤቴ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ ጉለሌ፣ ከአስፋልቱ ወደ እንጦጦ ሽቅብ በሚወጣው የኮብልስቶን መንገድ ላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ ከፍ ብሎ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እጄን ሥራ መፍታት ስለማልወድ ከሰዓት በኋላ እሷ ዘንድ እየሄድኩ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እቀመቅማለሁ። ስለዚህ አሁን የማወራው አብዛኛው ዓይኔ እያየ የሆነ ነው። ያላየሁትን ደግሞ ግድግዳው አሰምቶኛል፤ ስስ ግድግዳ ነው።

ኢየሩ ብዙ አታወራም። ከንፈሮቿ መካከል ሁልጊዜ ስፒል ስለሚኖር ሰዉ ዝምታዋ ከስፒሉ የመጣ ይመስለዋል። እኔ ግን ስፒሉን የምትይዘው ላለመናገር እንደሆነ ከገባኝ ቆይቷል። ከእንዲህ ዓይነቱ ባል ጋር የምትኖር ሴት አፏን የምታስይዝበት ነገር ያስፈልጋታል።

ባሏ ቢኒያም የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ለመሆን የራስ ሐሳብ ያስፈልጋል፤ የቢኒያም ሐሳብ ደግሞ ሁሉም ካናዳ ነው ያለው፣ ታላቅ እህቱ ሳሌም ዘንድ። እናታቸው በልጅነቱ ስለሞተችበት ያሳደገችው ሳሌም ናት፤ ይህን አልክድባትም። እሱ «እታለም» ይላታል፣ ቤቱም ሁሉ «እታለም» ይላታል። እታለም ብላለች ከተባለ ነገሩ ያልቃል። መጋረጃው ምን ዓይነት ቀለም ይሁን፣ ልጅ መቼ ይወለድ፣ ሽሮ ጤና ይጎዳል ወይስ አይጎዳም፣ ሁሉም በስልክ ከካናዳ ይወሰናል።

ሳሌም ዕቃ ትልካለች። ሰው በመጣ ቁጥር ሻንጣው ውስጥ አንድ ነገር ይኖራል። ምን እንደሚያስፈልጋቸው ጠይቃ አታውቅም። ሰጪ የሚመርጥበት፣ ተቀባይ የሚያመሰግንበት ቤት ነው።

መጀመሪያ የመጣው ጁስ መፍጫ ነበር። የስፒናው እግሮች ጠፍጣፋ ስለነበሩ የእኛ ሶኬት ውስጥ አይገቡም። ሳሌም ይህን አስባ መዳፍ የማትሞላ ነጭ አዳፕተር አብራ ልካለች። ጠፍጣፋው ከወዲህ ይገባል፣ ከወዲያ ደግሞ ክብ እግር ይወጣል። ቢኒያም በዚያችው አዳፕተር እህቱ የላከችለትን የስልክ ቻርጀር ሰካና ስልኩ ሞላለት። በቃ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ያቺ ነጭ ነገር የካናዳን ዕቃ ሁሉ ለአዲስ አበባ መብራት የምትገራ አድርጎ አመነ።

ነገሩ እንደሱ አይደለም። ካናዳ ከግድግዳው የሚወጣው መቶ ሃያ ቮልት ነው፣ የእኛ ሁለት መቶ ሃያ። ቻርጀሩ ሁለቱንም እንዲችል ተደርጎ ስለተሠራ ችሎታል። አዳፕተሯ ግን የምትቀይረው እግሩን ብቻ ነው፤ ጉልበቱን እንዳለ ታሳልፈዋለች። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ መፍጫው ሆድ ሥር ባለችው ትንሽ ወረቀት ላይ ተጽፏል። ቢኒያም መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ያነበበ ሰው ነው፣ ማንበብ ይችላል። አላነበበም።

ማንጎ ከትቶ ሰካው። መፍጫው በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀውን ጩኸት ጮኸ፣ ማንጎውን እስከ ጣሪያው ረጨው፣ ከዚያ ከሥሩ ጭስ ለቀቀና ዝም አለ። እኔ ግድግዳው ወዲያ ሆኜ ሰው የተገደለ መስሎኝ ሮጬ መጣሁ።

«አያያዝ ስለማታውቁ ነው» አለ ቢኒያም፣ ፊቱ ላይ ማንጎ እየወረደ።

ማንም አልነካውም ነበር።

ከዚያ ያደረገውን ስሙ። መፍጫውን ጠረገና ቡፌው ላይ አቆመው፤ ከሥሩ ዳንቴል አነጠፈለት። ሌላ ማንጎ ቆራርጦ ከተተበትና በስልኩ ፎቶ አንስቶ ላከ። «ጁስ ልንጠጣ ነው እታለም፣ ተባረኪ» ብሎ። ማንጎውን መልሶ አወጣና በሹካ በላው። በኋላ መፍጫው ባዶውን እንዳይቆም የፕላስቲክ ፖምና የፕላስቲክ ወይን ሞላበት። እንግዳ ሲመጣ በዓይኑ ወደ ቡፌው ይመራዋል።

ቀጥሎ የፀጉር መተኮሻ ፔስትራ መጣ። ኢየሩ ግንባሯ ላይ አንድ ጊዜ ሳብ ብታደርገው ፀጉሯ መሣሪያው ላይ ቀረ፤ እስኪያድግላት ሻሽ አሥራ ከረመች። ቀጥሎ የሩዝ ማብሰያ መጣ፣ ቀጥሎ ፀጉር ማድረቂያው ፎን፣ ቀጥሎ ካውያ። ሁሉም በነጯ አዳፕተር አንድ ጊዜ ተሰኩ፣ ሁሉም አንድ ጊዜ ሸተቱ፣ ሁሉም ቡፌው ላይ ወጡ። እያንዳንዳቸውም ፎቶ ተነሥተው ለምስጋና ተላኩ። ኢየሩ ከፔስትራው በኋላ «እባክህ ንገራት» አለችው፤ እኔ ተቀምጬ ነው የሰማሁት።

«ምን ብዬ? የላክሽው አይረባም ብዬ?»

«መብራቱ አይገጥምም ብለህ።»

«እታለም የማይገጥም ነገር አትልክም» አለ። ኢየሩ ስፒሏን ከንፈሯ ላይ መለሰች።

ሳሌም በበኩሏ የሚደርሳት ፎቶና ቡራኬ ብቻ ስለሆነ መላኩን ቀጠለች። ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ደግሞ ትልቅ ካርቶን መጣ። አንዲት የምታውቃት ሴት ቤት ስትለቅ የተወችው የጥልፍ ማሽን ነበር። «ኢየሩ ስፌት አይደል የምትሠራው? ይኸው ስፌት» አለች በስልክ። ስፌትና ጥልፍ ለሷ አንድ ናቸው። በአጋጣሚ ግን፣ ሳታስበው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የሚጠቅም ነገር ልካለች።

ኢየሩ ማሽኑን ስታየው እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ከዚያ ነው የነካችው። የጥልፍ ሥራ ሲመጣባት እስከዚያ ድረስ መርካቶ ወስዳ ለጥልፍ ሠሪዎች ነበር የምትሰጠው፤ እነሱ ያበላሹትንም ተመልሳ የምታስተካክለው እሷ ነበረች። ማሽኑን ገልብጣ ጀርባውን አነበበችና ለባሏ «ይሄን ማንም አይሰካውም፣ አንተም ጭምር» አለችው። በማግስቱ መርካቶ ወረደች። ስትመለስ ታክሲ ውስጥ እግሯ ላይ አስቀምጣው የመጣችውን የብረት ሳጥን ሁለት ሆነን ነው ያወረድነው። ቁመቱ የጫማ ካርቶን ቢያህል ነው፤ ክብደቱ ግን የድንጋይ ነበር። ትራንስፎርመር ነው፤ የእኛን ሁለት መቶ ሃያ ተቀብሎ ለማሽኑ የሚችለውን ያህል ይሰጠዋል። ጠረጴዛው ሥር ጡብ ላይ አስቀመጠችው። ሲሠራ «እምምም» ይላል፣ ቅሬታ ያለው ሽማግሌ ይመስል።

ቢኒያም ሳጥኑን ሲያይ ተቀየመ። «እታለም የላከችው ጎደሎ ነው ማለት ነው?»

«መብራቱ ነው የበዛው» አለች ኢየሩ።

ለፎቶው ሳጥኑን በፎጣ ሸፈነው።

ማሽኑ የመጀመሪያውን ዛላ ሲጠልፍ እዚያው ነበርኩ። የስንዴ ዛላ ነው፤ በወርቃማ ክር፣ ፍሬው አንድ በአንድ፣ ጢሙ ሳይቀር። ኢየሩ አፏ ውስጥ ስፒል አልነበረም። ጨርቁን አወጣችው፣ ወደ መስኮቱ ወሰደችው፣ በጣቷ ዳበሰችው፣ መልሳ ከተተችውና ሌላ አስጠለፈች። ብዙ ዓመት ጎረቤቷ ነኝ፤ እንዲያ ስትሆን አላየኋትም።

እኔ የኪዳነ ምሕረት ሰው ነኝ፣ እነሱ ደግሞ ጴንጤዎች ናቸው፤ ተከባብረን ነው የምንኖረው። ጥልፉን የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ሲያዩት የመዘምራኑን ልብስ ሁሉ ለሷ ሰጧት። ለምሥረታ በዓላቸው ነው፤ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ረጅም ልብስ፣ ደረቱ ላይ የስንዴ ዛላ። ኢየሩ ሠራች። እኔ ቁልፍ ተከልኩ። ሳጥኑ እምም አለ። እንዲህ ሆኖ ቢቀጥል ኖሮ የማወራው አይኖረኝም ነበር።

በጥር ሳሌም ለዕረፍት መጣች።

ቦሌ ድረስ ሄዶ የተቀበላት ቢኒያም ነው። ከመኪናው ስትወርድ መንገዱን አየችና «ይሄ ዳገት አሁንም አለ?» አለች፣ እኛ ልናነሣው ይገባ የነበረ ይመስል። ቤት ገብታ እንደ ተቆጣጣሪ ዞረች። ሶፋውን በጣቷ ጫን አደረገችው። ውሃውን አሸተተችው። ሁሉን ነገር «እኛ ጋ» እያለች ትለካዋለች። እኛ ጋ በር እንዲህ አይጮህም፣ እኛ ጋ ሰው ሳይደውል አይመጣም። ይህን ስትል እኔን አየችኝ። እኔ ቁልፌን ተከልኩ።

ቡፌው ፊት ስትደርስ ግን ፊቷ ፈካ። ሁሉም ተደርድረው፣ ተጠርገው፣ ዳንቴል ላይ ቆመዋል።

«ትጠቀሙባቸዋላችሁ?»

«ሁልጊዜ» አለ ቢኒያም።

«አቮካዶ አለ? በላክሁት መፍጫ የተፈጨ ጁስ ልጠጣ እንጂ።»

ቢኒያም የፕላስቲኩን ፖም አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ኢየሩን አየ። ኢየሩ መርፌ ውስጥ ክር እያስገባች ነበር።

«እታለም፣ ዛሬ መብራቱ ደከም ብሏል። ሞተሩን እንዳይጎዳው ብዬ ነው» አለ።

ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊቷ እየጮኸ ነበር።

«የናንተ ነገር» አለች ሳሌም። ራሷን ነቀነቀችና ውሃ ከላስቲክ ጠርሙስ ጠጣች። በነገታው ቢኒያም ከጁስ ቤት አስፈጭቶ በጆግ ይዞ መጣ፤ «አሁን ነው የፈጨሁት» አላት። አንድ ትልቅ ሰው፣ ሚስት ያለው ሰው፣ ጆግ በጃኬቱ ሸፍኖ ዳገት ሲወጣ እኔ በመስኮቴ አየሁት።

ቅዳሜ ሳሌም ምሳ ደግሳ የቤተ ክርስቲያኑን ሰዎች ጠራች። ደግሳ ስል፣ አብሳይዋ ኢየሩ ናት። ከመጡት መካከል ሽማግሌያቸው ጋሽ መሸሻ ነበሩ፤ ሰላምን በጣም የሚወዱ፣ ማን እንደተበደለ ግን ማጣራት የማይወዱ ሰው። ተበላ፣ ተጸለየ፣ ተመሰገነ። ከዚያ ሳሌም ተነሥታ «ኑ፣ ያን የምታደንቁትን ጥልፍ የሚሠራውን ማሽን ላሳያችሁ፤ እኔ ነኝ የላክሁት» አለች። ሁሉም ወደ ኢየሩ ሥራ ክፍል ተግተልትለው ገቡ። እኔ ቀድሜ ወንበሬ ላይ ነበርኩ።

ማሽኑ ላይ አንድ ልብስ ተወጥሯል፣ ዛላው ገና ግማሽ ነው። ሳሌም ገመዱን በዓይኗ ተከትላ ጠረጴዛው ሥር ደረሰች።

«ይሄ ምንድነው?»

«ትራንስፎርመር ነው» አለች ኢየሩ። «የእኛን መብራት ለማሽኑ ይቀንስለታል።»

«ማን ነው ያመጣው?»

«እኔ።»

ሳሌም ሳቀችና ወደ እንግዶቹ ዞረች። «አያችሁ? ሰው ጥሩ ነገር ስትሰጡት የራሱን ዝገት ካልጨመረበት አያምንም። ቢኒ፣ ማሽኑን ስልክላችሁ አዳፕተር አልነበረም?»

«አለ እታለም።»

«አምጣው። ይሄ ነገር ነው የሚያንቀረፍፈው፤ ድምፁን ስሙት እስቲ።»

«እታለም» አለች ኢየሩ፣ እንደ ሌላው ቀን ቀስ ብላ። «ያለሱ ከተሰካ ይቃጠላል።»

«ለእኔ ነው የምትነግሪኝ? ማሽኑ ከመጣበት አገር የመጣሁት እኔ ነኝ።»

ኢየሩ ባሏን አየችው። ሁላችንም አየነው። አምስት ዕቃ በእጁ ያቃጠለ ሰው ነው። ጭሱን የሸተተ፣ ማንጎውን ከፊቱ የጠረገ፣ ሚስቱን ሻሽ ያሳሰረ ሰው ነው። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅበት።

«እታለም ታውቃለች» አለና አዳፕተሯን አቀበላት።

ኢየሩ ወደ ማሽኑ ተጠጋች። ከዚያ «አንዴ፣ ልብሱን ላውጣ» አለች። መቀሷን አነሣች፣ ክሩን ቆረጠች፣ ልብሱን ከመወጠሪያው ፈትታ አጠፈችውና ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው። እጆቿን አጣምራ ግድግዳውን ተደገፈች። ሳሌም የኢየሩን ቦታ ያዘችና ስፒናውን ከሳጥኑ ነቅላ በአዳፕተሯ ግድግዳው ላይ ሰካችው። «አሁን እዩ» አለችና ማብሪያውን ተጫነች።

ማየቱን አየን። ከሆዱ ውስጥ ጧ የሚል ድምፅ ወጣ፣ ከጎኑ ባሉት ቀዳዳዎች ነጭ ጭስ ተግተለተለ፣ ክፍሉ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ጠፋ፤ ፊውዙ ወርዷል። አንዲት ሴትዮ አሳላት።

«ይሄ የናንተ መብራት» አለች ሳሌም፣ እጇን ከማሽኑ እየሰበሰበች። «ሰው የሚገድል መብራት እኮ ነው።»

እንግዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዳቸውም ኢየሩ ከደቂቃ በፊት ያለችውን ያልሰማ አልነበረም፤ ክፍሉ ጠባብ ነው። ጋሽ መሸሻ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም» አሉ። ሁሉም አሜን ብለው ወደ ሳሎን ተመለሱ፣ ብርቱካን ተላጠ።

እኔ ቀረሁ። ኢየሩም ቀረች።

«ለምን እጇን አልያዝሻትም?» አልኳት። ልትከለክላት ትችል ነበር፤ ሳጥኑ ፊት ብትቆም እንኳ ይበቃ ነበር።

«ዛሬ ብይዛት፣ ዕድሜ ልኬን የእታለምን እጅ የያዘች እየተባልኩ እኖራለሁ። ማሽኑን ደግሞ ነገ እኔ ገበያ ስሄድ ትሰካዋለች» አለችኝ። ቀጥላ «ለአንድ ሰው ስንቴ ይነገራል፣ እትዬ ሙሉ?» አለች። ዞር ብላ ማሽኑን በጨርቅ ስትሸፍነው ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ልብሱ ጉልበቴ ላይ ነበር፤ ዛላው ከግማሽ በላይ አልሄደም። ቁልፍ ተከልኩበት።

እሑድ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ወሬው ሌላ ሆኖ ተሰማ። ኢየሩ ከመርካቶ ያመጣችው ሳጥን ማሽኑን ከውስጥ በልቶት ኖሯል፤ እታለም ልታድነው ስትል ነው የሞተባት። የሚያሳዝነው፣ ቅዳሜ በዓይናቸው ያዩት ሰዎች ናቸው ይህን የሚያወሩት። እንግዳን ማስቀየም ስለሚከብድ እውነቱን ቢቀይሩት ቀለላቸው። ቢኒያም ደግሞ ሲጠየቅ «ያው፣ መብራት ነው» ይላል። ሾፌር ነውና ማዞር ያውቃል።

በሳምንቱ መጀመሪያ ጋሽ መሸሻ ሁለት ሰው አስከትለው ለዕርቅ መጡ። ማንም ከማንም ጋር አልተጣላም፤ ሳሌም ግን አኩርፋለች፣ ስታኮርፍ ደግሞ ዕርቅ ያስፈልጋል። እኔን ኢየሩ «አትሂጂብኝ» ስላለችኝ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ።

ጋሽ መሸሻ ብዙ ተናገሩ። እህት ስለ መሆን፣ ስለ እንግዳ፣ ከሩቅ ስለሚያስብ ሰው። በመጨረሻ ወደ ጉዳዩ መጡ። «ልጄ ኢየሩ፣ ጥፋቱ የማንም ይሁን። እታለም ለፍታ የላከችው ነው። አንቺ ዝቅ ብለሽ ይቅርታ ብትጠይቂ ምን ይጎድልብሻል?»

«ምንም አይጎድልብኝም ጋሽ መሸሻ» አለች ኢየሩ። «ይቅርታ እጠይቃለሁ። ግን ለስንቱ እንደምጠይቅ አብረን እንይና።»

ተነሥታ ወደ ቡፌው ሄደች። መፍጫውን ከነፕላስቲክ ፖሙ አመጣችና ሽማግሌዎቹ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ፔስትራውን አመጣች። የሩዝ ማብሰያውን አመጣች። ፎኑን፣ ካውያውን። ከሥራ ክፍሏ የጥልፍ ማሽኑን አምጥታ ጫፍ ላይ አደረገችው። አልጮኸችም፣ አልቸኮለችም፤ ሣህን የምታቀርብ ይመስል ነበር። በመጨረሻ ነጯን አዳፕተር ባሏ ፊት አኖረችለት።

«ቢኒ፣ አንዱን አብራልን» አለች።

ቢኒያም አልተንቀሳቀሰም።

«የፈለግከውን። አንድ ይበቃል።»

ጋሽ መሸሻ ዓይናቸውን ከዕቃዎቹ ወደ ቢኒያም፣ ከቢኒያም ወደ ዕቃዎቹ አመላለሱ። ሳሌም ቀድማ ገባት። አንድ በአንድ አነሣቻቸው። የፔስትራው ጥርስ ላይ የኢየሩ ፀጉር አሁንም ተጣብቆ ነበር። የሩዝ ማብሰያውን ከፍታ አየችው፣ ውስጡ ሩዝ ገብቶበት አያውቅም።

«ፎቶ ልከህልኛል እኮ» አለች ለወንድሟ። «ማንጎ ነበረበት።»

«እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም፣ እታለም።»

«ጁሱስ? ባለፈው የጠጣሁት?»

ቢኒያም መሬት መሬቱን አየ።

ሳሌም የሩዝ ማብሰያውን መልሳ ከደነችው። እውነቱን ለመናገር በዚያች ደቂቃ አሳዝናኛለች፤ ብዙ ዓመት ስትደሰትበት የኖረችው ነገር ሁሉ ቡፌ ላይ የቆመ ሬሳ ኖሯል። ግን ሰው እንዲያዝንላት የምትተው ሴት አይደለችም። ወደ ኢየሩ ዞረች።

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሽ ነበር» አለች ኢየሩ። «ቅዳሜ ዕለት።»

ጋሽ መሸሻ «እንጸልይ» አሉና ተነሡ። ረጅም ጸሎት ነበር። ስለ መከፋፈል መንፈስ ጸለዩ፣ ስለ ትዳር ጸለዩ፣ ስለ መንገደኛም ጸለዩ። ማን ምን እንዳጠፋ ግን ለእግዚአብሔርም አልነገሩትም። ይቅርታውን ማንም አላነሣውም።

ሳሌም የቀረውን ዕረፍቷን ሸጎሌ ያለች የአክስቷ ልጅ ቤት ጨረሰችና ተመለሰች። ስትሄድ ኢየሩን ሳመቻት፤ ጉንጭ ለጉንጭ፣ ሳይነካካ።

ለምሥረታ በዓሉ ልብሶቹ ደረሱ፣ ግን ግማሾቹ ዛላ የላቸውም። ኢየሩ በእጅ ልትጠልፈው ትችል ነበር፤ አላደረገችውም። «ማሽኑ እስከ ሞተበት ድረስ ነው» ብላ ሰጠቻቸው። እነሱም ዘዴ አገኙ፤ ዛላ ያላቸው ፊት፣ ዛላ የሌላቸው ኋላ እንዲቆሙ ወሰኑ። ከዚያ ማን ፊት ይቁም በሚል መዘምራኑ እርስ በርስ ተኮራረፉ። ስለ ፍቅር ሊዘምሩ የተሰለፉ ሰዎች በስንዴ ተጣሉ። እኔ ይህን ስሰማ ቁልፍ ከእጄ ወደቀ፣ ከሳቅ የተነሣ።

በበዓሉ ማግስት ቆራሌው በመንገዱ ሲያልፍ ኢየሩ ጠራችው። ያለውን ሁሉ በር ላይ ደረደረችለት። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ዞረውና «ይሄን እወስዳለሁ» አለ፣ ትራንስፎርመሩን እየመታ፣ ውስጡ መዳብ ስላለበት። «ሌላው ለእኔ አይሆንም።»

«ሌላውን ካልወሰድክ ይሄም አይሰጥም» አለችው።

ቆራሌው ቅር እያለው መፍጫውን፣ ፔስትራውን፣ ማሽኑን ጆንያው ውስጥ ከተተ፤ በምትኩ አንድ ሰማያዊ ሳፋ ሰጣት። ቢኒያም ከሥራ ሲመለስ ቡፌው ባዶ ሆኖ ጠበቀው። ዳንቴሉ ብቻ አለ። ስልኩን አወጣና ለማን እንደሚደውል ግራ ገብቶት መልሶ ኪሱ ከተተው። ያን ያህል ዓመት በትዳር ኖሮ፣ ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሚስቱን «ምን እናስቀምጥበት?» ብሎ ጠየቃት። እሷም «የእኔን ጨርቅ» አለችው። አሁን የቡፌው ሁለቱ መደርደሪያ የተቆረጠ ጨርቅ ነው።

ኢየሩ ከዚያ ወዲህ የመዘምራን ልብስ አትሰፋም። ከሸጎሌ ታክሲ መያዣው ፊት ለፊት አንዲት ክፍል ተከራይታ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ሥራው አሰልቺ ነው፣ ግን አያልቅም። የጥልፍ ሥራ ሲመጣባት እንደ ድሮው መርካቶ ትሰጣለች፣ እንደ ድሮው ያበላሹባታል። ማሽኑ የሚናፍቃት ይመስለኛል። ጠይቄያት አላውቅም።

ባለፈው ሰሞን ሳሌም ደወለች፤ ለወንድሟ አይደለም፣ ለኢየሩ። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ሰላምታው እንዳለቀ «ሰው ሊመጣ ነው። ምን ልላክልሽ?» አለቻት። ከጋብቻዋ ጀምሮ እንዲህ ብላ ጠይቃት አታውቅም። ኢየሩ ስፒሉን ከከንፈሯ አወጣችና «ላስብበትና እነግርሻለሁ» አለቻት።

ይኸው እስካሁን እያሰበች ነው። ሳሌም በየሳምንቱ እየደወለች ትጠይቃታለች፤ መንገደኛው እንኳ ሄዶ ሌላ መንገደኛ ተገኝቷል። «ምን ነበር የፈለግሽው?» ብዬ ስጠይቃት «ምንም» አለችኝና ወደ ስፌቷ ጎንበስ አለች። ስልኩ ሲጮህ ግን አታጠፋውም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ካስጮኸችው በኋላ ነው የምታነሣው።